«ተመስገን» ስንት ነው? በደሴ ሰፈር የጤናና የኑሮ ጥናት ለሚሠራ ሰው

ደሴ ውስጥ አንድ ቤት አንኳኩና «ጤናችሁ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ሲያለቅስ ያደረ ቢሆን፣ አባወራው ከሥራ ከቀረ ሳምንት ቢሞላው፣ መልሱ ያው ነው። ውሸት አይደለም፤ ምስጋና ነው። ችግሩ ምስጋናው መጠይቁ ላይ ሲሰፍር «በጣም ጤነኛ» ተብሎ መቆጠሩ ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያ ጥናቴን ስሠራ «የጤናዎ ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ» የሚል ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ዳገት ወጣሁ፣ ወረድኩ። መልሱን ስደምረው ሰፈሩ በሙሉ ጤነኛ ሆኖ አረፈው። ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ ለምንም አልሆነም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ሂሳቡ ብዙ አያወራም። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከባዱ አጠያየቁ ነው። የምጽፈው ለእድር ኮሚቴ፣ ለበጎ አድራጎት ማህበር ወጣቶች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሯሯጥ ተማሪ ነው።

መጀመሪያ፦ ምን ማወቅ ነው የፈለጋችሁት?

በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «የሰፈራችንን ጤና ማጥናት» አይሆንም። «በሰፈራችን ስንት በመቶው ቤተሰብ የጤና መድን አለው? የሌለው ለምን አልገባም?» ይሆናል። ጥያቄው ከጠበበ መጠይቁ ያጥራል። መጠይቁ ካጠረ ሰው ሳይሰለች ይመልሳል።

ከመውጣታችሁ በፊት ሌላ ሰው የሰበሰበውን እዩ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ በደሴ ከተማ የሚኖረው ሕዝብ 120,095 ነበር፤ የኮምቦልቻ ደግሞ 58,667። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ አንድ ሪፖርት «በቆጠራው መሠረት» ሲላችሁ የትኛው ቆጠራ እንደሆነ ጠይቁ። የዚያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢም አብቅሏል።

ለጤና ትልቁ ምንጭ በየጥቂት ዓመቱ በአገር ደረጃ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በ2008ቱ ዙር 16,650 ቤተሰብ ተጠይቋል። ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። በ1992ቱ ዙር ይኸው ቁጥር 58 በመቶ ነበር። ግን ይህ የአገር ቁጥር ነው። ስለ እናንተ ቀበሌ አይናገርም፣ እንዲናገርም አታስገድዱት። የሚጠቅማችሁ ጥያቄዎቹን መዋስ ነው። «ልጁ ባለፉት 2 ሳምንታት ተቅማጥ ይዞት ነበር?» የሚለውን ቃል በቃል ከወሰዳችሁ፣ ውጤታችሁን ከ2008ቱ የአገር ቁጥር፣ ከ12 በመቶው ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። «በቅርቡ ታሞ ያውቃል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ከማንም ጋር አይገናኝም።

ስለ ጤና መድንም ሆነ ስለ ሴፍቲኔት (ለደሃ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ) ስትጠይቁ፣ እዚህ አካባቢ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ አትርሱ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነው። የከተማ ሴፍቲኔቱም በ2009 ሲጀመር ደሴ ከ11ዱ ከተሞች ውስጥ ነበረች። ሰዉ የራሱ ልምድ አለው፤ ቅሬታም አለው። «የጤና መድን ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ «አንተ ልጅ ትናንት ነው የተወለድከው?» ትባላላችሁ።

ማንን እንጠይቅ?

ቀላሉ መንገድ ፒያሳ ቆሞ ያለፈውን ሰው መጠየቅ ነው። አታድርጉት። ፒያሳ ላይ የምታገኙት መውጣት የሚችለውን ነው። የአልጋ ቁራኛው፣ አራስዋ፣ ቤት የሚውለው ሽማግሌ እዚያ የለም። ስለ ጤና እየጠየቃችሁ በሽተኛውን ትታችሁት መጣችሁ ማለት ነው።

ከቀበሌ የቤት ቁጥር ዝርዝር መነሳት ጥሩ ነው፤ ግን አትመኑት። ጨረቃ ቤት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንድ የቤት ቁጥር ያለው ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ዙሩና መዝግቡ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ጠመኔና ደብተር ይዛችሁ፣ በየበሩ ቁጥር እየጻፋችሁ። የሰፈሩን ንድፍ በእጅ ሳሉ፦ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ድልድዩ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ጥናቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ «ቤተሰብ» ምን እንደሆነ ተስማሙ። ለጥናት ቤተሰብ ማለት ዘመድ ማለት አይደለም። አብሮ የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ነው። ተከራዩ ለብቻው ካበሰለ ሌላ ቤተሰብ ነው። ሠራተኛዋ አብራ ከበላችና ካደረች የዚያ ቤት ሰው ናት፤ ሳትቆጠር የምትቀረው ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ናት። አረብ አገር ያለችው ልጅ ገንዘብ ብትልክም አትቆጠርም። እናትየው ግን መቁጠራቸው አይቀርም፤ አትከራከሯቸው፣ ለብቻ አምድ አድርጉላት።

ስንት ቤት? ለዓይን ግምት አንድ መላ አለ። 100ን ለተጠያቂዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍሉት። 100 ቤት ከጠየቃችሁ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 የመቶኛ ነጥብ ያህል ይዋዥቃል። 400 ከጠየቃችሁ 5። 1,000 ከጠየቃችሁ ደግሞ 3 ገደማ። ከ400 በላይ ያለው ድካም ብዙ፣ ትርፉ ትንሽ ነው።

መምህራን የሚወዷት 384 የምትባለው ቁጥር ከዚሁ የመጣች ናት፤ ለ5 ነጥብ ስህተት የሚያስፈልገው ናሙና፣ ማለትም የሚጠየቁት ቤቶች ብዛት ነው። ሰፈራችሁ ትንሽ ከሆነ ይቀንሳል። ለምሳሌ መዝግባችሁ 1,800 ቤተሰብ አገኛችሁ እንበል። 384ን ለ1.21 ስታካፍሉት 317 ይሆናል። 1.21 የመጣው 383ን (ከ384 አንድ ቀንሶ) ለ1,800 አካፍሎ 1 በመደመር ነው። ለማይገኝና ለማይፈልግ ሰው 10 በመቶ ጨምሩ። ወደ 350 ገደማ።

አሁን 1,800ን ለ350 ስታካፍሉ 5 ይመጣል። ከ1 እስከ 5 እጣ ጣሉ። 3 ከወጣ 3ኛው ቤት፣ 8ኛው፣ 13ኛው፣ 18ኛው እያላችሁ እስከ መጨረሻ። 360 ቤት ይደርሳችኋል፤ ትርፉ አይጎዳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደሴ ዳገት ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ ላይ የተሠሩት ቤቶች ያደክማሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ያዳልጣሉ። የደከመው ጠያቂ «ሰው አጣሁ» ብሎ ታች ያለውን ጎረቤት ጠይቆ ይመጣል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም፣ ቁጥሩ ግን ተበላሸ። ውሃ የሚቸገረውና መኪና የማይደርስበት ያው ላይኛው ቤት ነዋ! ሕጉ ይህ ይሁን፦ የተመረጠ ቤት አይቀየርም። ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት ይኬዳል። ካልተገኘ «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል።

ቤት ውስጥ ማን ይመልስ? ስለ ቤቱ ኑሮ ከሆነ ወጪውን የሚያውቀው ሰው፤ ብዙ ጊዜ እማወራዋ ናት። ስለ አስተያየት ከሆነ ግን ቤት የተገኘውን መጠየቅ አይሆንም። ውጭ አገር «ልደቱ የቀረበው ሰው ይመልስ» የሚሉት ዘዴ አለ። እኛ ጋ ስንቱ ነው ልደቱን የሚያውቀው? እጣ ይሻላል። አዋቂዎቹን ጻፉ፣ ወረቀት ጠቅልሉ፣ ሕፃኑ ያውጣ። ሰው ይስቃል፣ ያምናችኋልም። የአዋቂዎቹን ብዛት መመዝገብ እንዳትረሱ። ስድስት አዋቂ ካለበት ቤት የወጣ አንድ ሰው የስድስቱን ድምፅ ይዟል፤ ስትደምሩ በ6 ታባዙታላችሁ።

መጠይቁ

ወደ «ተመስገን» እንመለስ። መላው ስሜትን መተውና የሆነ ነገር መጠየቅ ነው። «ጤናችሁ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ባለፉት 2 ሳምንታት ታሞ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት የቀረ ሰው አለ? ስንት ቀን?»። «ሕክምና ታገኛላችሁ?» ሳይሆን «መጨረሻ የታመመው ሰው የት ሄደ? ስንት ብር ወጣ? ከየት መጣ ብሩ?»። ተበድረው ይሁን፣ ፍየል ሸጠው፣ እቁብ ደርሷቸው፣ ይህ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ በላይ ይነግራችኋል።

«ቧንቧ አላችሁ?» ብትሉ «አዎ» ይላሉ። አለቻ! ውሃው ነው የሌለው። «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን ውሃ መጣ? ሳይመጣ ሲቀር ከየት ቀዳችሁ? ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልስ ስንት ደቂቃ?» በሉ። 30 ደቂቃ ዓለም አቀፍ መለያ ስለሆነ እሱን መቁረጫ አድርጉት።

ገቢ አትጠይቁ። የሚነግራችሁ የለም፤ ቢነግራችሁም ለሌላ ሰው የተዘጋጀ መልስ ነው። ወጪ ጠይቁ፦ ኪራይ፣ ከሰል፣ ዘይት፣ የትምህርት ቤት፣ የእድር። ጤፍ በኪሎ ነው ወይስ በኩንታል የምትገዙት? በኪሎ የሚገዛና በኩንታል የሚገዛ ቤት አንድ ኑሮ አይኖርም።

ስለ ምግብ ስትጠይቁ ወሎ ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚጠቀምበት መለኪያ ባለፉት 7 ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ስንት ቀን እንደተበላ ይጠይቃል። ይህን በዐቢይ ጾም ብትጠይቁ ክርስቲያኑ ሁሉ ደሃ ሆኖ ይወጣል። በረመዳን «ትናንት ስንቴ በላችሁ?» ብትሉ ሙስሊሙ ሁሉ ምሳ የተከለከለ ይመስላል። ደሴ ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ሲጾም አንዱ ይፈስካል። የሃይማኖት ልዩነት የኑሮ ልዩነት መስሎ ሪፖርታችሁ ላይ ቁጭ ይላል። ከቻላችሁ ከሁለቱም ጾም ውጭ ጠይቁ። ካልቻላችሁ የቀኑን ጾም መዝግቡ። ወይም ደግሞ ምክንያቱን ያዘለ ጥያቄ ተጠቀሙ፦ «ባለፉት 4 ሳምንታት በማጣት ምክንያት ሳይበላ ያደረ ሰው አለ?» የምግብ ዋስትናን የሚለካው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ እንዲህ ነው የተሠራው። ጾምና ማጣት አይደባለቁበትም።

ጊዜን በበዓል አስታውሱ። «ባለፉት 3 ወራት» ማለት ለብዙ ሰው ባዶ ነው። «ከአረፋ ወዲህ»፣ «ከጥምቀት ወዲህ» ሲባል ትዝ ይላል። ሁለቱንም በሉ፣ ተጠያቂው የሚያውቀውን ይመርጣል። ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ዝም ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም 30፣ 35፣ 40 ይሆናል። «ደርግ ሲገባ ትማሪ ነበር? በ77 ድርቅ ልጅ ነበረሽ?» እያላችሁ አስሉ።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን አይተዋል። «ከቤተሰብዎ የሞተ አለ?» የሚል ጥያቄ ለቅሶ ሊከፍት ይችላል። ለጥናታችሁ የግድ ካልሆነ አውጡት። የግድ ከሆነ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ከዚያ በኋላም ተቀምጣችሁ ማጽናናት የምትችሉ ሁኑ። ብዕራችሁን ዘግታችሁ የምትሄዱ ከሆነ አትጠይቁ።

መጠይቁን እንዳለ ወደ ኮምቦልቻ አትውሰዱት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ግን አየሩም ኑሮውም ይለወጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ስለ ወባና አጎበር መጠየቅ እዚያ ትርጉም አለው። ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ቀን ብቻ ከሄዳችሁ የቀን ፈረቃ ሠራተኛውን በሙሉ ታጡታላችሁ። ተከራይተው አምስት ስድስት ሆነው የሚኖሩት የኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች አብረው ያበስላሉ ወይስ ለየብቻ? ቤተሰብ የሚለውን ትርጉም እዚያ እንደገና ትፈትኑታላችሁ።

ደጃፍ ላይ

ሰው ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ ሁለት ነገር ያስባል፦ እርዳታ ወይም ግብር። እርዳታ የመሰለው የቤተሰቡን ቁጥር ያበዛል፣ ያጣውን ያከብዳል። ግብር የመሰለው ይደብቃል። ከሰላምታ ቀጥሎ ይህን በሉ፦ «ይህ ምዝገባ አይደለም። ስምዎን አልጽፍም። በመመለስዎ የሚያገኙት፣ ባለመመለስዎ የሚያጡት ነገር የለም። መሀል ላይ ማቆም ይችላሉ።» ከዚያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። እንቢ ካሉ አመስግኑና ውጡ፤ ልመና አታብዙ። በይሉኝታ የተገኘ መልስ ከሌለ መልስ ይብሳል።

ስምና ስልክ መጠይቁ ላይ አይጻፍ። ኮድ ይሰጠው፤ የኮዱ ዝርዝር ለብቻ ይቆለፍ። የጤና መረጃ ቀልድ አይደለም። አገራችንም አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ተማሪ ከሆናችሁ የዩኒቨርሲቲያችሁን የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳትይዙ አትውጡ።

ደግሞ ቡና አለ። እማማ «አረፍ በሉ» ካሉ አረፍ ማለት ነው። ግን ቡናው ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ስለ እርግዝና መከላከያ ወይም ስለ ብድር የምትጠይቁት በጎረቤት ፊት ሊሆን ነው። የኔ መላ፦ ሚስጥር ያለበትን ክፍል ቡናው ሳይቆላ መጨረስ፤ ቀላል ቀላሉን ለአቦል ማቆየት። ለቶና ከቀረባችሁ የቀኑ ሥራ አበቃ። ለሴቶች ጥያቄ ሴት ጠያቂ ላኩ፤ ይህ ላይ ድርድር የለም።

ሰኞ ገበያ ቀን ነው፣ ግማሹ ሰው ቤት የለም። አርብ ከጁምዓ በፊትና በኋላ ያለውን ሰዓት ተዉት። እሁድ ረፋድ ላይ ብዙ ሰው ይገኛል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጭቃውና ጉሙ ተባብረው ያስመርሯችኋል።

ከዋናው ሥራ በፊት በሌላ ሰፈር 20 ቤት ሞክሩ። ተጠያቂው «ምን አልሽ?» ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ቀይሩ። ስልክ ላይ ለመሙላት ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው መተግበሪያ ነፃ ነው፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ ማታ ዋይፋይ ስታገኙ ይልካል። ወረቀትም አያሳፍርም።

የሰው አስተያየት

«በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ» የሚለው መሰላል እኛ ጋ አይሠራም። ሰው ትርጉሙን ሳይሆን የናንተን ፊት ያነባል። ባለሥልጣን ከመሰላችሁት ሁሉም ጥሩ ነው።

10 የሽምብራ ፍሬ ስጧቸው። «በጤና ጣቢያው አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ከረኩ አሥሩን፣ ጭራሽ ካልረኩ ምንም፣ መሀል ከሆነ የፈለጉትን ያህል እዚህ ሳህን ላይ ያድርጉ» በሉ። የማያነቡ እናት ሳይቸገሩ 4 ፍሬ ያስቀምጣሉ። ቀጥላችሁ «ስድስቱን ምን አስቀራቸው?» ስትሉ ወረፋውን፣ የጠፋውን መድኃኒት፣ የተቆጣቸውን ሰው ይነግሯችኋል።

ጥያቄው ራሱ መልሱን አይያዝ። «የቆሻሻ አነሳሱ መሻሻሉን እንዴት ያዩታል?» ካላችሁ ተሻሽሏል ብላችሁ ወስናችኋል። «አላውቅም» እና «መልስ አልሰጥም» የሚሉትን ለየብቻ መዝግቡ። ስለ ቀበሌ አስተዳደር ስትጠይቁ «መልስ አልሰጥም» ከበዛ እሱ ራሱ ውጤት ነው።

ሲደመር

ሁልጊዜ «ከስንቱ?» በሉ። 42 ልጅ ተቅማጥ ይዞት ነበር ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። ከጠየቃችኋቸው 350 ቤቶች ከ5 ዓመት በታች ልጅ የተገኘው 120 ብቻ ቢሆን ስሌቱ በ120ዎቹ ልጆች ነው፤ ስህተቱም ከ5 ነጥብ ወደ 9 ይሰፋል። ስለ ልጆች ማወቅ ዋና ዓላማችሁ ከሆነ ናሙናውን መጀመሪያውኑ ማስፋት ነበረባችሁ።

ወጪ ላይ አማካይ ያሳስታል። ለምሳሌ ሰባት ቤቶች ለሕክምና 0፣ 0፣ 150፣ 200፣ 300፣ 400 እና 9,000 ብር አወጡ እንበል። አማካዩ 1,436 ብር ነው። እንዲህ ያወጣ ግን አንድም ቤት የለም። መሀል ላይ ያለውን፣ 200ን፣ ጻፉ። 9,000 ያወጣውን ቤት ደግሞ ለብቻ አንሱት፤ የድህነት ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

ሁለት ሰፈር አወዳድራችሁ አንዱ 46፣ ሌላው 49 በመቶ ቢመጣ አሸናፊ አትሰይሙ። ስህተቱ 5 ሆኖ የ3 ልዩነት ወሬ ነው። ያልተገኙትንና እንቢ ያሉትን ቁጥርም ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። ከ360 ቤት 310 ከመለሱ፣ ሃምሳዎቹ እነማን እንደነበሩ ከምዝገባ ደብተሩ እዩ። ሁሉም ላይኛው ሰፈር ከሆኑ ስለ ላይኛው ሰፈር አታውሩ።

ከዚያ ውጤቱን መልሳችሁ ውሰዱት። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ከአምስት ቁጥር ያልበለጠ። እድሩ ለወርሃዊ መዋጮ ሲሰበሰብ ተነስታችሁ አንብቡት። ቁጥሩ ከሰፈሩ ሰው ከሚያየው ጋር ካልገጠመ ወዲያው ይነግሯችኋል። እኔ አንዴ የመድን አባላት ብዛት ሳነብ አንድ ሐጂ ከኋላ ሆነው «ካርዱ ያለውን ነው ወይስ ዘንድሮ ያደሰውን?» አሉኝ። ካርዱ ያለውን ነበር። ቁጭ ብዬ መጠይቁን ከፈትኩና «ዘንድሮ አድሳችኋል?» የሚል መስመር ጨመርኩ። በማግስቱ ዳገቱን እንደገና ጀመርነው።